ፕሌይስቴሽን ቤት የገባ እርጥብ ሳር

ከሴቻ ወደ ሲቀላ በታክሲ ስንወርድ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ጎልማሶች የልጅነት ሰፈራቸውን አንስተው ያወራሉ።

«ያ ፕሌይስቴሽን ቤት ፋርማሲ ሆኗል አሉ።»

«የድብድብ ጌም የምንጫወትበት? አያትህ ሳር ይዘው የገቡበት?»

«እሱ! ከገጠር፣ ከኦቾሎ ለገበያ ወርደው፣ እኔን ሲፈልጉ።»

«‹በለው! ጨርሰው!› እየተባለ ሲጮህ፣ ከደጅ የነጩትን እርጥብ ሳር ይዘው መሀላችን ተንበረከኩ።»

«ሽማግሌ ለእርቅ ሳር ይዞ ከተንበረከከ ማን እምቢ ይላል? ጆይስቲኩን አስቀመጥን። ላሸንፍህ አንድ ምት ነበር የቀረኝ!»

«ለአምስተኛ ጊዜ።»

«ቤቱ በሙሉ ሳቀብን እኮ።»

«አያትህ ምን ያድርጉ፣ ቲቪው ውስጥ ያሉት የእውነት የሚደባደቡ መስሏቸው ነው።»

«እኔም እንደዛ መስሎኝ ነበር። ኋላ ስጠይቃቸው ምን አሉኝ መሰለህ?»

«ምን አሉ?»

«‹እሱ ጨዋታ መሆኑንማ አይቻለሁ። ሳር የያዝኩት የጓደኛህን ፊት አይቼ ነው› አሉኝ።»

ታክሲው አንድ ሰው አውርዶ እንደገና ሲነሳ ጓደኛው ወደ እሱ ዞረ።

«እውነታቸውን ነው። ስትወጣ ልፈነክትህ ኪሴ ውስጥ ድንጋይ ይዤ ነበር።»

እኔም ስልኬ ላይ ለወንድሜ በንዴት ስጽፈው የነበረውን ረጅም መልእክት ሳልልከው አጠፋሁት።