እምቢ ባልኩ ቁጥር ጭብጨባ

ባለፈው ቀራንዮ አዳራሽ ተሰብስበን፣ የፓርቲያችንን መሪ ወደሚመርጠው ጉባኤ የሚሄድ ተወካይ እየጠቆምን ነበር። «ወጣት ይሁን!» ተባለና እኔ ተጠቆምኩ። «ኧረ እኔ ይቅርብኝ» ስል አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። «ትሕትናውን አያችሁልኝ?» አሉ የሰፈራችን ሽማግሌ ጋሽ ታደሰ። «የምሬን ነው ጋሽዬ! በጉባኤው ቀን ወንድሜ ያገባል፣ ሚዜው እኔ ነኝ!» ብል፣ «ሥልጣን የማይወድ ልጅ ምክንያት አያጣም» ብለው ይባስ አስጨበጨቡልኝ። ለወንድሜ ምን ብዬ እንደምነግረው ጨነቀኝ።

ሰብሳቢው ስሜን ሊጽፍ ሲል ፈገግ ብሎ «እዚያ ስትደርስ ታዲያ ማንን ትመርጣለህ?» አለኝ። «ሁሉንም ሰምቼ የሚሻለውን ነዋ!» አልኩ። ይኼኔ ያጨበጨበልኝ የለም። ሰብሳቢው ስሜን ሳይጽፍ ብዕሩን አስቀመጠና «ሌላ ጥቆማ ያለው?» አለ። እፎይ! ሹልክ ብዬ ወጣሁና ወንድሜ ጋ ደወልኩ፤ «አይዞህ፣ ሚዜህ ከሥልጣን ተርፏል!»