ጫልቱ ደብተሯ ዳር ላይ የምትጽፈው ነገር

በደርግ ጊዜ ናዝሬት የማታ ተማሪዎችን ሒሳብ ሳስተምር ጫልቱ የምትባል ተማሪ ነበረችኝ። ደብተሯ ዳር ላይ ሁልጊዜ ደቃቅ ጽሑፍ አይጠፋም። እኔም «ደብተርሽን አታቆሽሺ!» እያልኩ በቀይ እሰርዝባታለሁ፤ ማርክም እቀንስባታለሁ። አንድ ቀን እናቴ ታማ ሐረር ልደውል፣ እየጠበቅሁ የማርመውን የፈተና ወረቀት ይዤ ስልክ ቤት ብገባ፣ አገናኟ እሷው ናት። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ፣ ጉልበቷ ላይ የኔው የቤት ሥራ! ደሜ ፈላ።

«እናቴን የምታገናኚኝ እንዲህ ሆነሽ ነው? በዚህ ጫጫታስ ሒሳብ ይሠራል?» አልኳት።

«ቲቸር፣ ፀጥ እስኪል ብጠብቅማ ስምንተኛን መቼ ላልፍ ነው? ይቀመጡ፣ ሐረርን ጠይቄልዎታለሁ» አለችኝ። ወዲያው «ሀሎ ዝዋይ፣ አካም ጂርታ?» ብላ ገመዱን ሰካች፤ «ጓድ፣ ሻሸመኔ መጥቷል፣ ካቢን ሁለት ይግቡ!» ብላ ተጣራች። ልብ ብዬ ሳያት፣ ጥሪ በመጣ ቁጥር እስክሪብቶውን ከማስቀመጧ በፊት ደብተሩ ዳር ላይ ጫር ታደርጋለች። ስትመለስ እሱን አይታ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ለካ እኔ ስሰርዘው የከረምኩት መመለሻዋን ኖሯል!

ሐረር ገባልኝ፤ እናቴም ተሽሏታል። በማግስቱ ደብተሯን ሳርም አራተኛው ጥያቄ ዳር ላይ «የቲቸር እናት፣ ሐረር። ቀጥሎ በሦስት ማካፈል» የሚል አገኘሁ። ከሥሩ በሦስት አካፍላ ትክክለኛውን መልስ አግኝታለች። እኔ ስልክ ቤት ይዤው ከገባሁት የፈተና ወረቀት ግን አንድም አልታረመም ነበር።