ሜዳው ሳይታረስ

(ቋራ ቆላ፣ ረፋድ ላይ፤ ብርቄ የአዲሱ ቤቷ ጣሪያ ላይ ወጥታ ሳር ትከድናለች፣ ታናሽ ወንድሟ እንየው ከታች ያቀብላታል፤ ከሰዓት በኋላ መንደሩ ጥብቁ የሳር ሜዳ ይታረስ አይታረስ ብሎ እጅ ያወጣል።)

እንየው፦ አላቀብልም! ለእርሻው እጄን አወጣለሁ እስክትዪኝ አንዲት እስር ሳር አላቀብልም!

ብርቄ፦ አንተ ልጅ፣ ፀሐይዋ አናቴን በሳችው፤ አቀብል!

እንየው፦ መንደሩ እኩል ለእኩል ተከፍሏል፤ አንድ እጅ ከዞረ አለቀ።

ብርቄ፦ የያዝከው ሳር ከየት ታጨደ?

እንየው፦ ከሜዳው። ታዲያ ሳር ይበላል? ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን እኮ፣ እታለም! ማዶ መንደር ሜዳቸውን አርሰው፣ ሰሊጥ ዘርተው፣ ይኸው ሁሉም ቆርቆሮ ቤት ሠራ።

ብርቄ፦ ቆርቆሮውንማ አውቀዋለሁ። አምና ጎርፉ እያንከባለለ አምጥቶ እኛ ሳር ውስጥ ጣለው። የማዶው አያ ጓዴ የቆርቆሮ በር ላይ አሁን ጅግራ ዕንቁላሏን ታቅፋበታለች!

እንየው፦ አታስቂኝ! ስስቅ ነገሬ ይጠፋኛል።

ብርቄ፦ ይጥፋ!

እንየው፦ እኮ አያ ጓዴ ናቸው፣ «የሰሊጥ መሬት የሌለው ወንድ ደጄን አይርገጥ» ያሉት።

ብርቄ፦ እንዲህ በላ! ሰሊጥ ሰሊጥ የምትለኝ ለካ ለልጃቸው ለእናኑ ብለህ ነው!

እንየው፦ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!

ብርቄ፦ ጣሪያ ላይ ያለሁት ለምን ሆነና? ያልሰማ ይስማ! እናኑዬ!

እንየው፦ በሞቴ፣ እታለም! በሰኔ ብዘራ፣ በጥቅምት ባጭድ፣ በጥር ሠርግ ነው።

ብርቄ፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የማዶዎቹ ሰሊጥ ዘንድሮ እንዴት ሆነ?

እንየው፦ ያው... ቀነሰ።

ብርቄ፦ የውሃ ጉድጓዳቸውስ?

እንየው፦ ደረቀ። ቢሆንም! አንቺ ቀፎ አለሽ፣ ማር ትሸጫለሽ። እኔ ከሜዳው ምን አገኘሁ? ሚዳቋ ሲዘል ማየት?

ብርቄ፦ ...ይኼስ እውነትህን ነው። ሜዳውን ስንከልል ጎረምሳውን ረሳነው። ከቀፎዬ ግማሹን ውሰድ።

እንየው፦ በንብ ማን ልጁን ይድራል?

ብርቄ፦ ቆይ፣ ቆይ... በማዶ በኩል አቧራ ይታየኛል።

እንየው፦ ሜዳውን የሚያርሰው ትራክተር ነው! ሳንወስን መጣ!

ብርቄ፦ ትራክተር ከመቼ ወዲህ ቀንድ አወጣ? ከብት ነው፤ አጥንቱ የገጠጠ ከብት። የሚነዳው ደግሞ... ኧረ ጉድ! አያ ጓዴ!

እንየው፦ ወዴት እየነዱ ነው?

ብርቄ፦ ወደ ሜዳችን ነዋ! ገና ሳይደርሱ ኮፍያቸውን አውልቀዋል፤ ሳር ሊለምኑ ነው። እናኑም አብራ አለች፣ ጥጃ ተሸክማ።

እንየው፦ እናኑ?! ልውጣ!

ብርቄ፦ ቀስ! ክዳኔን ናድከው! አየሃት?

እንየው፦ አየኋት። እታለም... ለካ ሳሩ እንዲህ ያምራል።

ብርቄ፦ ከሰዓት እጅህን ለየትኛው ልታወጣ ነው?

እንየው፦ አያ ጓዴ! ኧረ አያ ጓዴ! በዚህ በኩል ይንዷቸው! የሜዳው ጠባቂ እኔ ነኝ!