የሀጃ ቀስተኛ

ዐረብ አገር፣ ዳቡቅ የሚባል ሰፈር ውስጥ በቤት ሠራተኛነት የምሠራላቸው አሮጊት ሀጃ ጀርመን ካለው ልጃቸው ጋር የሚገናኙት በታብሌት ጌም ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? እሱ ባለጋሻ፣ እሳቸው ቀስተኛ ሆነው አብረው አውሬ ያድናሉ፤ ወሬያቸውም በዚያው ነው። አንድ ቀን ለሶላት ሲነሱ «ያዢልኝ» ብለው ታብሌቱን ሰጡኝ። የቀስተኛዋ ነጥብ መደልደያ ገጽ ተከፍቷል። ሀጃ ጉልበቷን ትተው ነጥቡን ሁሉ ዕድል ላይ ከምረውታል። እኔ መቼም ዕድል ሰው ሲያበላ አላየሁም፤ እዚህ አገር ያቆመኝ ጉልበቴ ነው። የሚያመሰግኑኝ መስሎኝ ሁሉንም ወደ ጉልበት አዛወርኩት።

ተመልሰው ቀስት ቢለቁ ቢለቁ፣ ያ አውሬውን ባንዴ የሚዘርረው ክሪቲካል የሚሉት ምት አልመጣ አለ። ለካ እሱ የሚመጣው በዕድል ነጥብ ልክ ኖሯል! አውሬው ሁለቱንም ጨረሳቸው። «ያማ፣ ዕድልሽን ማን ነካው?» ብሎ ልጅየው ከታብሌቱ ውስጥ እናቱ ላይ በዐረብኛ ጮኸ። ሀጃ ቀና ብለው አዩኝ። የያዝኩትን የሻይ ትሪ አስቀምጬ ስኳር ማማሰል ጀመርኩ፤ «እኔ ነኝ» ማለት ይሄን ያህል ያቅታል?

«እጄ ስቶ ነው፣ ልጄ» አሉት።

«አርጅተሻል ያማ፣ ባትጫወቺ ይሻላል» ብሎ ዘጋባቸው።

ሀጃ ሻያቸውን ተቀበሉኝ። በሌላ ቀን ልጅየው ንዴቱ በርዶለት ወደ ጌሙ ሲመለስ፣ ሀጃ ለሶላት ተነሱና ታብሌቱን እንደዚያ ቀኑ እኔው እጅ ላይ አኖሩት። ምነው በሰደቡኝ!