ከሐይቁ የወጣችው የናስ ማሰሮ

ነይ ኬቶኪ፣ እዚህ ከጎኔ ተቀመጪ። ቆይ፣ አግዳሚው ጤዛ አለበት፤ በመሐረቤ ልጥረግልሽ። እንኳን ደህና መጣሽ! ሦስት ወር ሙሉ ጀምሼድፑር ልጅሽን ስታርሺ ከርመሽ፣ ከአራሷ ይልቅ አንቺ ታርሰሽ የመጣሽ ትመስያለሽ እኮ። ሕፃኑስ? ያያቱን አፍንጫ ወሰደ? ምስኪን... ያድጋል፣ ያምርበታል። ሻይሽን ጠጪ፤ የሸክላ ስኒው ይፋጃል፣ በሳሪሽ ጫፍ ያዢው።

ብዙ ነገር ስላመለጠሽ መጀመሪያ ሰዉን በተራ ልዘርዝርልሽ፤ ወሬን ከመሐሉ መጀመር እንደማልወድ ታውቂያለሽ። የጠዋት ተጓዦች ማኅበራችን ያው ሰባት ነው። ሊቀ መንበሩ ቢማሌንዱ ዳዳ፦ የሁላችን ታላቅ ወንድም፣ ዕድሜያቸውን ድልድይ ሲሠሩ ኖረው፣ ዛሬ በዚህች የቀርከሃ ድልድይ ለመሻገር የሰው ክንድ የሚይዙት። ኪራንማላ ዲዲ፦ የሁላችን ታላቅ እህት፣ ስንት ዙር እንደሄደች በሽምብራ ፍሬ የምትቆጥረው። ታፖቶሽ ዳዳ፦ ጡረታ የወጣው የጭነት ባቡር ነጂ፣ የሳቅ ስፖርታችንን የሚመራው። ነርሷ ራፊያ። አንቺ። እኔ ጸሐፊዋ። ስድስት ሆንን አይደል? ሰባተኛው አባል ደግሞ... የታወቁ ሰው ማስተዋወቅ ነውር ነው። ከማኅበሩ ውጭ ያለው አንድ ሃራን ብቻ ነው፤ አትክልተኛው። ሃያ ሁለት ዓመት ይህን የሐይቅ ዳር መናፈሻ ያለማው፣ ከሚስቱ ጋር በሰሜኑ በር አጠገብ ባለችው ጎጆ የሚኖረው ሃራን። ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእሱ ላይ ነው።

አትዙሪ! ከኋላችን ባለው አግዳሚ አንድ ሰው ጋዜጣ ቢያነቡ እኛን ምን አገባን? ሃያ ደቂቃ ሙሉ አንድ ገጽ ሳይገልጡ ማንበብ... ይህ የተመረጡ አንባቢዎች ጸጋ ነው። እኔ ግን ጮክ ብዬ ብናገር አትታዘቢኝ፤ ግራ ጆሮሽ ትንሽ እንደሚደክም አስታውሼ ነው።

አየሽው? አዎ፣ ያ አረንጓዴው። ሣር መስሎሽ እንዳትረግጪው፤ ሥሩ ውሃ ነው። አንቺ ስትሄጂ ውሃው ዳር የተገነባው ባለ ደረጃ ድንኳን ጥላ የሚያርፍበት፣ ሎተሱ ነጭና ሮዝ ሆኖ በመስመር የሚያብብበት ጥግ አልነበረም? ዛሬ ዳክዬዎቹ እንኳ በእግራቸው ነው የሚሻገሩት። እምቦጭ ነው፣ እህቴ። ክረምቱ ዘነበ፣ እሱ ተባዛ። የሐይቁን ግማሽ የሸፈነው በዘጠኝ ሳምንት ነው፤ በየሰኞው ጠርዙን በእርምጃ ለክቼ መዝግቤዋለሁ።

ከየት መጣ ትያለሽ? ከሰማይ ነዋ! ሌላ ከየት ይመጣል? እንዲህ ያለ ሥርዓት ባለበት ቦታ... በሩ ላይ የተሰቀሉትን ዐሥራ አንድ ደንቦች ረሳሽ? የእጅ ጽሑፉ እንዴት ያምራል! አራተኛው እኮ በቀይ ቀለም ነው፦ «ወደ ሐይቁ ማንኛውንም ነገር፣ ለአምላክ የቀረበ አበባንም ጨምሮ፣ መጣል በጥብቅ የተከለከለ ነው።» ያረቀቁት ሰው ለዚህች ዓረፍተ ነገር ሁለት ስብሰባ አስፈጅተውናል። እንዴት ያለ ጥንቃቄ! ደንብ የሚያወጣ ሰው ደንቡን ያህል ቢጠነቀቅ ይህች ከተማ የት በደረሰች...

መቼም ለአምላክ የቀረበ አበባ ከቆሻሻ ጋር እንደማይጣል፣ ለውሃ እንደሚሰጥ ሁላችንም ከእናቶቻችን የያዝነው ነው። ለዚሁ ብለን አይደል ከትልቁ ዛፍ ሥር ቅርጫት ያኖርነው? ሃራን በየሳምንቱ ተሸክሞ ወንዙ ድረስ ይወስደዋል። ግን አስቢው እስኪ፦ አንዳንድ ሰው ለአምላክ የሚያቀርበው አበባ እንደ እኔና እንዳንቺ የሦስት ሳንቲም ማሪጎልድ አይደለም። አንዳንድ ሰው ከባዛር «ሰማያዊ የውሃ ኦርኪድ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ» ተብሎ ይሸጥለታል። ሻጩ እንዴት ሳቁን እንደቻለ አላውቅም፤ ምናልባት አልቻለም፣ ምናልባት እስከ ዛሬ ይስቃል። በሰባት ትውልድ የከተማ ልጅ የሆነ ሰው የገጠር ኩሬ የት አይቶ እምቦጭን ይለያል? ይህ እኮ የጨዋነት ምልክት ነው!

እናም ያ ኦርኪድ ሁለት ሳምንት በጸሎት መደርደሪያ ላይ ነገሠ። እንግዳ ሁሉ ተጠርቶ አየው፤ እኔም አይቼ «ውብ ነው» ብያለሁ፣ ኃጢአቴን አልደብቅም። በዓሉ ሲያልፍ እንዲህ ያለ አበባ ከሰው አበባ ጋር ቅርጫት ውስጥ ይገባል እንዴ? አይገባም። አንድ ጠዋት ከነናስ ማሰሮው መጥቶ በድንኳኑ ደረጃ ላይ፣ ውሃው በሚነካው እርከን፣ በክብር ተቀመጠ።

ሃራን አየ። ወንዙ ወደ ባሕር ከሚገባበት ከረግረጉ አገር የመጣ አይደል፣ በእምቦጭ መሐል በታንኳ ሲቀዝፍ ያደገ? ቀርቦ፣ እጁን አጣምሮ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ እምቦጭ ነው። አሁን በሁለት ጣቴ ላውጣው፤ በኋላ በሁለት በሬም አይወጣም» አለ። የተሰጠውን መልስ ስሚ፤ ኪራንማላ ዲዲ በዚያ ስታልፍ በጆሮዋ የሰማችው ነው፦ «አንተ የምታውቀው ጭቃህን ነው። ይህ ኦርኪድ ነው። ብትነካው ለማኅበሩ አመለክታለሁ።» ዲዲስ ለምን ያኔውኑ አልነገረችንም? አምስተኛ ዙሯ ላይ ነበረች፤ ብትናገር የሽምብራው ቁጥር ይጠፋባት ነበር። ምን ታድርግ?

ከዚያ ዝናቡ ሐይቁን ሞላው። ማሰሮዋ ሰጠመች፣ ኦርኪዱ ግን... ኦርኪዱ እግዜር ይስጠው፣ በረታ።

አሁን ሐይቁ አረንጓዴ ሲሆን ጥፋተኛ መፈለጉ ተገቢ ነው አይደል? ተገቢ ነው! ሰባተኛው አባላችን ለከተማው አስተዳደር የሚላክ ደብዳቤ አረቀቁ። ኬቶኪ፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አላየሁም፤ አንድ ግድፈት የለው፣ ኅዳጉ እኩል፣ በሦስት ቅጂ። «በአትክልተኛው ከባድ ቸልተኝነት የተነሳ» ብሎ ይጀምርና፣ ሃራን ከሥራው እንዲሰናበት፣ ጎጆዋንም እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲለቅ ብሎ ይጨርሳል። ቸልተኝነት... ቃሉን የመረጠው ብዕር እንዴት አልተንቀጠቀጠም? ጽኑ እጅ ነው፣ ያስቀናል። ሐሙስ ድምፅ ሊሰጥበት ተያዘ። የሃራን ሚስት ድስቶቿን በጨርቅ መቋጠር ጀመረች። ራፊያ ሃራንን «ምነው ዝም አልክ?» ብትለው ምን አለ መሰለሽ? «እሳቸው የተማሩ ናቸው፤ እኔን ማን ያምነኛል?»

እሑድ ሁላችንም እምቦጩን ልንነቅል ወጣን። ሁላችንም ማለቴ... ጉልበታቸውን ያመማቸው ሰው ነበሩ። ጉልበት እኮ አስተዋይ ነው፤ የት መሄድ እንደማይገባው ከባለቤቱ ቀድሞ ያውቃል። ታፖቶሽ ዳዳ ገመዱን እንደ ሎኮሞቲቭ ጎተተው። ከድንኳኑ ደረጃ ሥር ያለው ትልቁ ቁጥቋጦ ከነሥሩ ሲወጣ ሥሩ አንድ ነገር አቅፎ ወጣ። ትንሽ የናስ ማሰሮ። የሠርግ ዕቃ ላይ የቤተሰብ ስም በነጥብ በነጥብ እንደሚመታ ታውቂያለሽ አይደል? ያንቺም ሳህኖች ላይ አለ። እዚህችም ላይ ነበረ። ሃራን ጭቃውን በአውራ ጣቱ ጠረገው። ሁላችንም አነበብን። ጨዋ ሰዎች ነን፤ ወደ ነቀላችን ተመለስን። እኔ ማሰሮዋን በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ፣ በሎሚና በአመድ አሸኋት። ፀሐይ መሰለችልሽ!

ሐሙስ ደረሰ። ስብሰባ ያለ አበባ ደስ ስለማይል፣ አንዲት ማሪጎልድ ሰካሁባትና ጠረጴዛው መሐል አኖርኳት። ስሙ ወደ የትኛው ወንበር እንደዞረ አላስተዋልኩም... ዕድሜ ነው መቼም። አንድ ሰው ሻይ ሊያነሱ እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ እጁ አየር ላይ ቀረ። ታፖቶሽ ዳዳ ያለ ሰዓቱ የሳቅ ስፖርቱን ጀመረ፤ «ሆ ሆ! ሃ ሃ!» ብቻውን። ቢማሌንዱ ዳዳ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ደብዳቤውን ለድምፅ ላቅርበው?» ብለው ጠየቁ።

ከዚያ የተሰማው ድምፅ እንዴት ለስላሳ ነበር መሰለሽ! «ሳስበው... ሃራን ትጉህ ሰው ነው። ደብዳቤው ይቅር።» የልብ ስፋት እንዲህ ነው። ሦስቱም ቅጂ ተቀደደ፤ ቁራጮቹ እንኳ እኩል ነበሩ።

ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ላይ አለ፣ በሙሉ ድምፅ ያለፈ። ባትኖሪም ላንቺ ቦታ ትቼልሻለሁ፤ ከፈለግሽ ፈርሚ። አንደኛ፣ ሃራን በሥራው፣ ሚስቱም በጎጆዋ ይቆያሉ። ድስቶቹ ትናንት ተፈትተዋል፤ ማታውኑ ዓሣ ሲጠበስ ሸቶኛል። ሁለተኛ፣ በየእሑዱ ሁላችንም፣ ጉልበት ያመመውም ጭምር፣ በሃራን ትእዛዝ እንነቅላለን። ሦስተኛ፣ የተነቀለው እምቦጭ በስተደቡብ ጥግ በሚቆፈር ጉድጓድ ይበሰብሳል፣ ለአበባው ማዳበሪያ ይሆናል። አራተኛው... አራተኛው ያስደስትሻል። ሰባተኛው አባላችን በዚህ ቦታ ስማቸው ያለበት አንድ መታሰቢያ እንዲቆም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲለምኑን አልነበረም? እኛም ድንጋይ ቀራጭ ከየት እናምጣ እያልን ስናጓትት? ምስጋና ለሠርጋቸው ዕቃ፤ ስሙ ተቀርጾ ተገኘ! ማሰሮዋ በጉድጓዱ ራስ ላይ በሚሠራ ምሰሶ በሲሚንቶ ትታሰራለች፣ ስሟን ወደ መንገዱ አዙራ። ሁሉም እጁን አወጣ። ሁሉም ስልሽ ሁሉም ነው፤ አንደኛው እጅ ትንሽ ዘገየ እንጂ ወጣ፤ እኔ ነኝ የቆጠርኩት።

ግንበኛው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳል። ያው እየመጣ ነው መሰለኝ፣ ባልዲ የያዘው። ሻይሽን ጨርሺ፤ ሄደን እናያለን። ምን? ማን ናቸው? አንቺ ደግሞ! እስካሁን ከአፌ ስም ሲወጣ ሰማሽ? የሰው ስም በክፉ ማንሳት አላደግኩበትም። ነገ ስትዞሪ አንብቢው።

እኔማ ከልቤ ነው የምመርቃቸው፤ ይሰሙም አይሰሙም። አምላክ ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው። ጉልበታቸውን ይፈውስላቸው፣ በየጠዋቱ ዙራቸውን ሁሉ ያለ ምርኩዝ ይሂዱ። ዓይናቸውንም ይጠብቅላቸው፤ እስከ መቶ ዓመታቸው ድረስ በደቡብ ጥግ ባለፉ ቁጥር፣ ያለ መነጽር ያንብቡት።