የአያ አብተው ጥይት ለምን ጮኸች?

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄደው ሚኒባስ ሰው እስኪሞላ አይነሣም፤ ሰው ሲሞላ ደግሞ ረዳቱ ይጠፋል። አንድ ቀን ረዳቱ እንደ ልማዱ በጠፋበት ሰዓት ዝናብ ጣለና በአቅራቢያው ወደ ነበረ የብረት መቅረጫ ቶርኖ ቤት ገብቼ ተጠለልሁ። በግብርና ጽሕፈት ቤት የምሠራ ሰው ስለሆንሁ የገበሬ ክርክር መስማት ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። የዚያን ዕለቱን ግን ሚኒባሱ ጥሎኝ እስኪሄድ ድረስ ቆሜ ሰማሁት።

በቶርኖ ቤቱ የምትሠራው ሠርክአዲስ የምትባል ወጣት ናት። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የማሽን ሥራ ተምራ ወጥታለች፤ የማረሻ ጫፍ፣ የጋሪ አክሰልና የወፍጮ ዘንግ ታበጃለች። ከእኔ ቀጥለው ጋቢያቸውን እያራገፉ አንድ ሽማግሌ ገቡ። አቶ አብተው ይባላሉ፤ በሽንዲ መንገድ ካለ ገጠር በቆሎ የሚያርሱ፣ የተተኮሰ የጥይት ቀለሃ እንደገና ባሩድና እርሳስ በመሙላት በአካባቢያቸው ስም ያወጡ ሰው ናቸው። ከጋቢያቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ብረት አወጡ። ጥይት ከገባ በኋላ የሚቆለፈው የጠመንጃ መዝጊያ ነው፤ እጀታው ተሰብሯል።

«እንደምን ዋልሽ፣ ልጄ። ይችን በይጅልኝ። ጃርት በቆሎየን ጨረሰው፤ ዛሬ ማታ ልጄ ገነነ ይጠብቃል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አያ አብተው። ምን ሰበረው?»

«መዶሻ።»

«መዶሻና ጠመንጃ ምን አገናኛቸው?»

«ተተኩሳ ስታበቃ መዝጊያው አልከፈት ይላል። ጠግባለቻ! የጠገበች ጥይት ነች የምትጣበቅ። በመዶሻ ነካ ሳደርጋት ትከፈታለች። ትናንት ነካ ባደርጋት እጀታው ቀረ።»

ሽማግሌው ይህን ሲሉ ሐዘን አይታይባቸውም፤ የሰባ በሬ ገመድ እንደ በጠሰበት ሰው ኩራት ኩራት ይላቸዋል።

«መበየዱ ቀላል ነው፤ ግን አልበይደውም» አለች ሠርክአዲስ።

«ምነው? ወንድ በያጅ ልፈልግ?»

«ይፈልጉ እንጂ፣ ቡሬ በያጅ ሞልቷል። ብቻ የተተኮሱትን ቀለሃዎች አሳይተውኝ ይሂዱ።»

አቶ አብተው ለመሄድ ዞር አሉና ዝናቡን አይተው ተመለሱ። ለዚህ ጉዳይ ዝናቡ ከእኔም ከእርሷም የበለጠ ሠርቷል ማለት እችላለሁ። ከኪሳቸው እፍኝ ሙሉ ቀለሃ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት።

«ባሩዱን በምን ይለካሉ?» ስትል ጠየቀች።

«አባቴ የተወልኝ ቀንድ አለች። እሷን ሞልቼ፣ አፏን አስተካክየ እገለብጣለሁ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በሷ ሲሞላ ኖሮ ዓይኑም ጣቱም ሳይጎድል ነው የተቀበረ።»

«ነፍሳቸውን ይማር። ጥሩ መሙላትዎንስ በምን ያውቃሉ?»

«በድምጿ ነዋ! የድሮዋ ጧ ብላ ዝም ነበር። የዘንድሮዋ ግን ሸለቆውን ታናውጠዋለች። ጎረቤቴ ዳኘው እንኳ ሰምቶ ‹ለኔም ጠመንጃ ሙላልኝ› ብሎ ወስዷል።»

«ባሩዱ የዘንድሮ ነው ማለት ነው?»

«ከሌላ ጠመንጃ ጥይት ፈትቼ ያወጣሁት ነው። ባሩድ መቸም ባሩድ ነው።»

ይህን አነጋገር አውቀዋለሁ። እኔ መሥሪያ ቤት ሲመጣ «ማዳበሪያ ማዳበሪያ ነው» ይባላል፤ ብዙ ማሳም አቃጥሏል። እንዲህ ያለው ቃል አጭር ስለሆነ ብቻ እውነት ይመስላል።

«አያ አብተው፣ ጭድና የወይራ ግንድ እኩል ይነዳሉ?»

«እንዴት ተብሎ! ጭድ እፍ ሲሉት ያልቃል።»

«ባሩድም እንደዚያው ነው፤ ፈጥኖ የሚነድ አለ፣ ቀስ ብሎ የሚነድ አለ። የአባትዎ ቀንድ ልክ ነበረች፤ ግን ለአባትዎ ባሩድ። ፈጣኑን ባሩድ በዚያችው ቀንድ ሲሞሉት፣ እርሳሱ ገና ከአፈሙዙ ሳይወጣ እሳቱ ሁሉ በአንዴ ይነሣል። የአንቱ ጠመንጃ ደግሞ አፈሙዟ ቀጭን ነው። መውጫ ያጣ ግፊት የያዘውን ብረት ይገፋል።»

«ብረቱ ችሎት የለም ወይ?»

«እስካሁን ችሎታል። ብርዝ በጠርሙስ አሽገው ፀሐይ ላይ ቢተውት፣ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ሲል ይነግርዎታል?»

«አይናገርም። ዝም ብሎ ይቆይና ድንገት ነው» አሉ ሽማግሌው።

ሠርክአዲስ ከመሳቢያዋ ማይክሮሜትር አወጣች፤ ብረት በሁለት መንጋጋው መካከል ይዞ ውፍረቱን የሚናገር መሣሪያ ነው። ከፋብሪካ እንደ ወጣች በዚያችው ጠመንጃ የተተኮሰች ቀለሃ ጠየቀችና ቂጧን ለካች። ቀጥላ «አሁን ደግሞ ከራስዎ ሥራ የሚወዷትን ይምረጡልኝ» አለቻቸው። አቶ አብተው ሳያመነቱ አንዷን አነሡ። ከሁሉ ይልቅ የጮኸች፣ መዶሻም ያስመጣች እሷ ነበረች።

«ከፋብሪካዋ ይልቅ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶ እጅ አራቱን ያህል ሰፍታለች።»

«ስንት ነው እሱ?»

«ከጠጉርዎ ውፍረት ያነሰ።»

አቶ አብተው ጉልበታቸውን መትተው ሳቁ። «ለጠጉር ብለሽ ነው ሥራ ያስፈታሽኝ?» እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅሁ።

እርሷ ግን አልሳቀችም። «ቂጡ የቀለሃው ወፍራም ቦታ ነው፤ እዚያ ናሱ ሰፍቶ መቅረት የለበትም። ሰፍቶ ከቀረ ግፊቱ ከልክ አልፏል። መዝጊያው የሚጣበቀውም ጠግባ አይደለም፤ ቀለሃው አብጦ ጠመንጃው ውስጥ የሚቀመጥበትን ማደሪያ ስለሚነክሰው ነው። መርፌው የሚመታትን መለኮሻም ይዩዋት። የፋብሪካዋ ጠርዟ ክብ ነው፤ የአንቱ ተደፍጥጣለች።»

«ታዲያ ግፊቱ ስንት ነው? ቁጥሩን ንገሪኛ!»

«አላውቀውም።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «ሰሙ፣ ጌታየ? አታውቀውም!»

«አላውቀውም» አለች በዚያው ድምፅ። «ቁጥሩን የሚናገር መሣሪያ ራሱ ጠመንጃው ላይ ተለጥፎ ነው የሚለካ፤ ቡሬ የለም። ይህ የኔው የሚነግረኝ በዛ ወይስ አልበዛም የሚለውን ብቻ ነው፤ እሱንም ከተተኮሰ በኋላ። ብቻ እኔ አለማወቄን አውቃለሁ። አንቱ ግን በድምፅ ያወቁ እየመሰለዎት ጥይቱን ለገነነ ይሰጡታል።»

ቀጭን ሽቦ ጫፉን አጠፈችና ከዚያችው ከመረጧት ቀለሃ ጋር ሰጠቻቸው። «ውስጧን በዚህ ይዳብሷት፤ ወደ ቂጧ።»

አቶ አብተው ዓይናቸውን ጨፍነው ዳበሱ። ሽቦው አንድ ቦታ ሲደርስ እጃቸው ቆመ። ደግመው ከላይ ወደ ታች ሳቡት፤ አሁንም እዚያው ቆመ።

«ትይዛለች» አሉ።

«ከውስጥ ዙሪያውን መሰንጠቅ ጀምራለች። እንደገና ተሞልታ ስትተኮስ ብትበጠስ፣ እሳቱ ወደ ኋላ ነው የሚመጣ።»

«ወደ ተኳሹ?»

«ወደ ዓይኑ።»

ገነነን አይቼው አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን ፈራሁለት። አባቱ ቀለሃዋን በመዳፋቸው ጨበጡ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «እንግዲህ ጃርቱ በቆሎየን ይብላ?»

«አይብላ። ዛሬ ከነዳኘው ጋር ሆናችሁ እሳት አንድዱ፣ ቆርቆሮ ምቱ፣ ውሻ ይዛችሁ በየተራ ጠብቁ። ጠመንጃዋን መዝጊያዋም ማደሪያዋም እስኪመረመር አትተኩሱባት። ከዚያም ወዲያ ዓይነቱን የማያውቁትን ባሩድ አይሙሉ። የታወቀ፣ በፈቃድ የተገዛ ባሩድ ሲያገኙ ቀንዷን ይተዉና በሚዛን እንመዝናለን፤ ከትንሹ እንጀምራለን፤ ቀለሃውን ሳይተኮስም ከተተኮሰም በኋላ እንለካለን። ናሱ መስፋት ሲጀምር ቀንሰን እንቆማለን። ያ ባሩድ ካልተገኘ የፋብሪካውን ይግዙ።»

«ድምጿ ያንሳላ።»

«ይነስ። ጃርቱን የሚገድለው እርሳሱ የሚያርፍበት ቦታ ነው።»

እኔም እዚህ ላይ የድርሻዬን ልናገር። በልክ የተሞላች ጥይት ሁልጊዜ አንድ ቦታ ትመታለች፤ ስለዚህ ጥይት አይባክንም። ቀለሃው ይበረክታል፤ መዝጊያውም መዶሻ አይፈልግም። ከሁሉ በላይ ማሳ ሊጠብቅ የወጣ ልጅ በደኅና ይመለሳል። ይህ ሁሉ የተገኘው ከጠጉር ያነሰን ነገር ከመናቅ ይልቅ በመለካት ነው። የአባቶችን ቀንድ ማክበር ጥሩ ነው፤ አባቶች ግን ቀንዷን የለኩት በእጃቸው ለነበረው ባሩድ መሆኑን መርሳት አይገባም።

ዝናቡ አባርቷል። አቶ አብተው መዝጊያውን በጨርቁ ጠቅልለው ተነሡ፤ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ።

«ዳኘው ጋ ያሉትሳ?» አሉ፤ ለማን እንደሚሉ አላወቅሁም።

ስልካቸውን አወጡ። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ሳይነሣ ቀረ። ደግመው ደወሉ። በሁለተኛው ተነሣ።

«ዳኘው! የሰጠሁህን ጥይት እንዳትተኩስ… አንዲትም። ጠመንጃህ ጎርሳ እንደሆን አሁኑኑ አውጣት። ነገ ጧት መጥቼ እሰበስባታለሁ።»

ዳኘው የሚናገረው እኔ እስከ ቆምሁበት ይሰማል። «ምን ነካህ፣ አብተው? አገሩ ሁሉ ስለሷ ያወራል! እንዲህ ብለህ ብትሰበስባት ‹አብተው መሙላት አያውቅም› ይሉሃል እኮ።»

«ይበሉኛ» አሉ አቶ አብተው። «እኔ ስሜ ይጥፋ፤ አንተ ዓይንህን ይዘህ እደር።»