ኢንዲያና ያለችው እናት

«ዋልተር፣ ዘንድሮ ቅጠሉ ቶሎ ረገፈ፣ አይደል? ፀሐይዋም አለች ለመባል ያህል ብቻ ነው የወጣችው። ና እስቲ፣ እዚህ ደረጃው ላይ ተቀመጥና ጆሮህን ላበጥርልህ።»

ይህን ያለችው ዶሪን ፓቭሊክ ናት። ዋልተር ጆሮው መሬት የሚጠርግ ሽማግሌ ውሻዋ ነው። ከአጭሩ የእንጨት አጥር ማዶ ጎረቤቷ ሜሬዲት ሃስኪንስ ቅጠል በነፋስ የሚጠርገውን ማሽኗን አጥፍታ ቆመች። ያጠፋችው ለመስማት ብላ አይደለም፤ የማሽኑ ገመድ እግሯ ላይ ተጠምጥሞባት ነው። ግን ሰማች።

ዶሪን ከውሻዋ ጋር ስታወራ አጥሩ ጋ ተጠግታ ነው የምታወራው። ኦሃዮ ውስጥ በዚያች አጭር መንገድ ላይ የሚኖር ሁሉ ይህን ያውቃል። ዋልተር ካረጀ ወዲህ ጆሮው አይሰማም። ይህንንም ሁሉም ያውቃል።

«አንድ ነገር ልንገርህ ዋልቲዬ፤ ለማንም እንዳትተነፍስ። ኢንዲያና ውስጥ አንዲት እናት አለች አሉ። እዚህ ኦሃዮ እንዳይመስልህ... ጎረቤት ክፍለ ግዛት፣ ኢንዲያና ነው የምልህ። እንዴት ያለች ብርቱ ሴት መሰለችህ! ሌላ እናት ልጇ ኮሌጅ እስክትገባ ትጠብቃለች። እሷ ምን በወጣት? ልጅቷ ማመልከቻ ሳትልክ፣ ገና በነሐሴ፣ የኤልድሪጅ ኮሌጅን ስቲከር ገዝታ መኪናዋ የኋላ መስታወት ላይ ለጠፈችው። እምነት ማለት ይሄ አይደል? እኔ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እየተመላለስኩ ያጣሁትን እምነት፣ እሷ ከግቢዋ ሳትወጣ አገኘችው።»

ሜሬዲት ዞር ብላ መኪናዋን አየች። ስቲከሩ በቦታው ነበር፤ ቀጥ ብሎ፣ ጥግና ጥጉ በጥንቃቄ ተጭኖ።

«ልጅቷ ደግሞ ወርቅ ናት። የክፍል ውጤቷ ስንት ነው በለኝ። ከአራት፣ አራት ነጥብ ሦስት። አትሳቅ እንጂ! ከበድ ያለ ትምህርት ለወሰደ ጭማሪ ይሰጣሉ፤ እሷ ብርጭቆውን ሞልታ ጠረጴዛው ላይ አፍስሳዋለች። ከክፍሏም አንደኛ ናት። አንደኛዎቹ ሠላሳ ሰባት ናቸው እንጂ... አንደኛስ አንደኛ ናት። ለምረቃው ቀን መድረኩን በብረት ሊደግፉት ነው ይባላል። ሁለተኛ የወጣው ግን አንድ ልጅ ብቻ ነው። እሱን ነው ማድነቅ፤ ብርቅዬ...»

ሜሬዲት ማሽኑን አስነሳችው። ቅጠል ተነሣ፣ አቧራ ተነሣ፣ የመንገዱ ወፎች ሁሉ ሸሹ። ዶሪን ማበጠሪያውን ከፍ አድርጋ ይዛ ጠበቀች። ማሽኑ ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ይግላል፤ ሜሬዲት ታጠፋው ዘንድ ግድ ሆነ።

«...ብርቅዬ ልጅ። ምን ላይ ነበርኩ? አዎ፣ ፈተናው። ያ ኮሌጅ ለመግባት የሚፈተኑት የቅዳሜ ጠዋት ፈተና፣ ከሺህ ስድስት መቶ የሚታረመው። የኢንዲያናዋ ልጅ መጀመሪያ ሺህ ዘጠና አመጣች። አስጠኚ ቀጠሩላት፤ ሺህ መቶ ዐሥር ሆነ። ሌላ የተሻለ አስጠኚ ቀጠሩላት፤ ተመልሳ ሺህ ዘጠና። እንዲህ ያለ ጽናት አይተህ ታውቃለህ? መጥፎ ውጤት ነው ወይ? ምን ወጣው! ከተፈታኙ ግማሹን ትበልጣለች። ችግሩ ኤልድሪጅ ግማሹን አይፈልግም። እዚያ ከገቡት ልጆች መካከለኞቹ የሚጀምሩት ከሺህ አራት መቶ ሃምሳ ነው። ይሄን እኔ አልፈጠርኩትም፤ ኮሌጁ ራሱ ያወጣው ነው። ለነገሩ ቁጥር አይተው የሚጨነቁት እንደኛ ያሉት ናቸው። የኢንዲያናዋ እናት ቁጥር አያስፈራትም፤ አታየውማ።»

ሜሬዲት ቁጥሩን አይታዋለች። ለአምስት ሳምንት ያህል ከባሏ ጋር የምትከራከረውም በዚሁ ነበር። ኤልድሪጅ የፈተና ውጤት ላኩ ብሎ አያስገድድም፤ ባሏ ይላክ ይላል፣ እሷ አይላክ ትላለች።

«እናትየዋ ሞኝ እንዳትመስልህ ዋልተር። ኮሌጁ ‹የፈተናውን ውጤት ባትልኩም ቅር አይለንም› ይላል። ‹እንግዲያው አንልክም› አለቻ! ብልህ ናት። እኔም ባለፈው ሐኪም ቤት ሄጄ ሚዛን ላይ አልወጣም አልኳቸው። ዶክተሩ አንድ ቃል አልተናገረኝም። እንዲያው ቀና ብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝና... ጻፈ። ደግሞ ሳይልኩ የሚገቡ የሉም አልልህም፤ አሉ። ከመቶ አመልካች ዘጠኙን ነው የሚወስዱት፣ የላከውንም ያልላከውንም ደምረው። ዘጠና አንዱ ወደየት ይሄዳል? ኢንዲያና ውስጥ ይሄን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው የለም።»

አሁን ዶሪን ወደ ሌላኛው ጆሮ ተሻገረች።

«ሰማያዊ መኪና ነው ያላት አሉ። ደጃፏ ላይ ደግሞ ፊት የተቀረጸባቸው ሁለት የሃሎዊን ዱባዎች አስቀምጣለች። አንደኛው አፉ ወደ ውስጥ ተሰብስቧል፤ የኔን አያት ነው የሚመስለው። ኢንዲያና ዱባ ቶሎ ነው መሰል የሚበሰብሰው።»

ሜሬዲት የተበላሸውን ዱባ በእግሯ ገፋ አድርጋ ከአበባው ማሰሮ ጀርባ ደበቀችው።

«አሁን ደግሞ አንዱ ጠፋ አሉ።»

ሜሬዲት «ስለኔ ነው የምታወሪው?» ብትል፣ በገዛ እግሯ ኢንዲያና መግባቷ ነው። ዝም ብትል ደግሞ ዶሪን ከኢንዲያና አትመለስም። ቅጠል የሌለበት ሣር ላይ ዐይኗን ተክላ ቆመች።

«እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ልጅቷን ማን ጠየቃት? አንተ ታውቃለህ ዋልተር፤ ላንተ ነግራሃለች። ከሰዓት በኋላ እየመጣች መናፈሻው ድረስ የምታንሸራሽርህ እሷ አይደለችም? ከኢንዲያና ድረስ! መንገዱ ሳይታክታት! ትናንት እዚሁ ደረጃ ላይ አንገትህን አቅፋ ስታለቅስ መስኮቱ ክፍት ነበር። እኔ ምንም አልሰማሁም። የእንስሳት ሐኪም ነው መሆን የምትፈልገው። ለዚያ የሚያዘጋጀው ትምህርት ደግሞ እዚሁ የክፍለ ግዛቱ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በመኪና አርባ ደቂቃ። እዚያ ሺህ መቶ ዐሥር ብትልክ ማንም ዝቅ አድርጎ አያያትም፤ የብዙዎቹ ውጤት እሱ ነው። አራት ነጥብ ሦስቱን ሲያዩማ ወንበር ይስቡላታል። ማመልከቻውን ጽፋ ጨርሳዋለች። የቀራት የእናቷ እሺታ ነው... ጨዋ ልጅ ስለሆነች። እናትየዋ ምን አለች መሰለህ? ‹እኛ መጠባበቂያ አያስፈልገንም። መጠባበቂያ የሚይዝ ለመውደቅ ያሰበ ሰው ነው!› እንዴት ያለ ንግግር ነው? እኔ ብሆን ቀርጬ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ። መኪናዋ ውስጥ ትርፍ ጎማ መኖሩን ግን ማን ይንገራት?»

ሜሬዲት ይህን የተናገረችው ወጥ ቤቷ ውስጥ ነው፣ ቃል በቃል። ልጇ ፔይጅ ሰምታ «እሺ እማዬ» ብላ ወጥታ ነበር። ሜሬዲት ነገሩ በዚያው ያለቀ መስሏታል። ልጇ ማመልከቻውን ጽፋ መጨረሷን አታውቅም። ማልቀሷንም አታውቅም።

«ማመልከቻው ዛሬ ማታ ይዘጋል፣ ዋልተር። ነገ አይደለም። ኢንዲያናም ሰዓቱ እንደኛው ነው።»

በዚህ መሐል ከዶሪን ቤት ሥር፣ ከምድር ቤቱ ጠባብ መስኮት፣ የወንድ ድምፅ መጣ።

«እማ! የሚበላ ነገር አለ?»

«ፍሪጁ ውስጥ ላዛኛ አለልህ የኔ ጌታ! አሙቀህ ብላ!»

ኪዝ ነው፤ የዶሪን ልጅ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። በጊዜው ያንኑ የቅዳሜ ፈተና ተፈትኖ ሺህ አምስት መቶ ስልሳ አምጥቷል፤ ዶሪን ይህን በመንገዱ ላይ ላልነገረችው ሰው የለም። የክፍል ውጤቱን ግን ለማንም ነግራ አታውቅም። ሜሬዲት ሳታስበው ዐይኗ የዶሪን አሮጌ መኪና ላይ አረፈ። የኋላ መስታወቱ ላይ የኮሌጅ ስቲከር የሚያህል አንድ የተፋቀ አራት ማዕዘን አለ፤ ሙጫው ግማሽ በግማሽ ቀርቶ፣ ዝናብ የማያጥበው። እስከዛሬ የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ የተለጠፈበት ነው ብላ ነበር የምታስበው።

ዶሪን ማበጠሪያውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ድምፅዋ ቀነሰ፤ ለስላሳ ሆነ። ቢሆንም አጥሩን ለመሻገር አላነሰም።

«በል አሁን ደክሞሃል፤ ሳንመርቃት ግን አንግባ። እግዚአብሔር ይስጥሽ በላት፣ የኢንዲያናዋ እመቤት። የለጠፍሽው አይደብዝዝብሽ። የሰው እናት ልጇን ሸኝታ ባዶ አልጋ አቅፋ ስታለቅስ፣ አንቺን እንባ አይንካሽ። ልጅሽን ከዓይንሽ አያርቅብሽ፤ የትም አትሂድብሽ። ሠላሳ አራት ዓመት ሲሞላትም ጠዋት ማታ ከምድር ቤትሽ ‹እማ፣ የሚበላ አለ?› እያለች ትጥራሽ። የኔን ደስታ ላንቺም ያድርግልሽ።»

ማዶ አንድ ነገር ሣር ላይ ዷ ብሎ ወደቀ። ሩጫ ተሰማ፤ የወጥ ቤቱ በር ተበርግዶ ከግድግዳው ጋር ተላተመ።

«ፔይጅ! የት ነሽ? ኮምፒውተርሽን ይዘሽ ነይ! ያ የዩኒቨርሲቲው ማመልከቻ... አዎ፣ እሱ! አሁኑኑ ላኪው!»

ዶሪን ወደ ደነቆረው ጆሮ ጎንበስ አለች።

«አሜን በል፣ ዋልተር።»